በወረርሽኙ ወቅት የሚያጋጥሙ የተለመዱ ሕመሞች፦ የቤት ውስጥ እንክብካቤና የባለሙያ ምክር

የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ብዙ ሰዎች ወደ ጤና ተቋም መሄድን መፍራት ጀምረው ነበር። ፍርሃቱ መነሻ የሌለው አልነበረም፤ ሰው በሚሰበሰብበት ሥፍራ ሁሉ ቫይረሱ ሊተላለፍ ይችላል። ይሁን እንጂ ወገብ፣ ራስና መገጣጠሚያ ወረርሽኝ ገባ ብለው መታመማቸውን አያቆሙም። በቤት ውስጥ እንክብካቤ የሚሻለውን ሕመም ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ለማያስፈልግ ተጋላጭነት ይዳርጋል። ቀን የማይሰጠውን ሕመም በፍርሃት ይዞ ቤት መቀመጥ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ከሚያስቸግሩ ነገሮች አንዱ ለሕመም የሚሰጠው ስም ነው። በወገብና በጎን አካባቢ የሚሰማ ሕመም ሁሉ «ኩላሊት»፣ ሰውነትን የሚቆረጥም ሁሉ «ብርድ»፣ ከእምብርት በላይ የሚያቃጥል ሁሉ «ጨጓራ» ይባላል። ስሙ ከተሰጠ ሕክምናውም አብሮ ይወሰናል። «ኩላሊቴን ነው» ያለ ሰው ውሃ ያበዛል፤ ቢራ ኩላሊት ያጥባል የሚለውን አባባል አምኖ የሚጠጣም አለ። ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኩላሊት ጋር ግንኙነት የለውም። ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ ዕቃ ሲያነሡ ወይም ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ የሚብስ፣ አቀማመጥ ሲለውጡ ደግሞ የሚቀልል ሕመም የወገብ ጡንቻና የጅማት ሕመም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የኩላሊት ሕመም ከጎድን አጥንት ሥር በአንድ ጎን ጀምሮ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ ሽንት ማቃጠል፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ትኩሳት ወይም ማስመለስ ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ያለው ምርመራ ይፈልጋል።

ተራው የወገብ ሕመም በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያዳክማል፤ ሕመሙንም ያራዝማል። ስለዚህ ሕመምተኛው አቅሙ በፈቀደ መጠን በቤትና በግቢ ውስጥ መንቀሳቀስ፣ በሚያመው ቦታ ላይ የማያቃጥል ሙቅ ፎጣ ማድረግ ይገባዋል። ሥራቸውን ከቤት የሚሠሩ ሰዎች አልጋ ላይ ተጋድመው ከመጻፍ ይልቅ በወንበር ተደግፈው ቢቀመጡ፣ በየግማሽ ሰዓቱም ተነሥተው ቢንቀሳቀሱ ይጠቀማሉ። እጅ በየጊዜው መታጠብ ውሃ ያስፈልገዋልና ውሃ የሚቀዱ ሰዎች ሸክምም በወረርሽኙ ወቅት ጨምሮ ነበር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን በአንድ ጊዜ ከመሸከም በትንንሽ ጀሪካኖች ከፋፍሎ በሁለት እጅ መያዝ፣ ሲያነሡም ወገብን ሳይሆን ጉልበትን አጥፎ መነሣት ሕመሙን ከመጀመሪያው ይከላከላል።

ወለምታ ሲያጋጥም እንክብካቤው ይለያል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሙቀትና እሽት እብጠቱን ያባብሱታል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ በረዶ ከሌለም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል እያደረጉ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይበቃል። እግሩን መርገጥ የማይችል ወይም አጥንቱ ቅርጹን የለወጠ ሰው ግን ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። ወጌሻ ዘንድ መሄድ የቆየ ልማድ ነው፤ አደጋው በተለይ ከማሰሩ ላይ ነው። በስንጥርና በጨርቅ ጠብቆ የታሰረ ክንድ ወይም እግር ደም ሊያጣና እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ከታሰረ በኋላ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ቀለማቸው ከተለወጠ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ ማሰሪያው ወዲያውኑ ተፈትቶ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ከማስታገሻ መድኃኒቶች ፓራሲታሞል ቀዳሚው ምርጫ ነው። ጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ቢያንስ ስድስት ሰዓት እያራራቀ ሊወስድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች በውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ሳያውቀው መጠኑን ያልፋል፤ ጉዳቱም በጉበት ላይ ነው። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው አስቀድሞ ባለሙያ ይጠይቅ፤ የሕፃናት መጠን ደግሞ በክብደታቸው ይወሰናል።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። አይቡፕሮፌን የኮሮናን ሕመም ያባብሳል የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መድኃኒቱን አትውሰዱ የሚል ምክር እንደማይሰጥ አስታውቋል። ይህ ማለት ግን ለሁሉም ሰው ይስማማል ማለት አይደለም። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱና ነፍሰ ጡሮች ያለ ባለሙያ ምክር ሊወስዱት አይገባም። መርፌ ከክኒን ይልቅ ይፈውሳል በሚል እምነት የዳይክሎፌናክ መርፌ መወጋትም ከእነዚህ ጉዳቶች አያድንም። አሞክሳሲሊንና መሰሎቹ ደግሞ ከናካቴው የሕመም ማስታገሻዎች አይደሉም።

ማስታገሻ ትኩሳትንም እንደሚያወርድ መዘንጋት አይገባም። የጡንቻ ሕመም፣ ራስ ምታትና ድካም የኮሮናም ምልክቶች ናቸው። «ብርድ መታኝ» ብሎ ማስታገሻ ውጦ ወደ ሥራ የሄደ ሰው ደህና መስሎ ሊያልፍ፣ ለባልደረቦቹም በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ የሰውነት ቁርጥማት ከትኩሳት፣ ከሳል ወይም ሽታና ጣዕም ከማጣት ጋር ከመጣ ራስን ለይቶ የጤና ባለሙያን በስልክ ማማከር ይቀድማል። ወባ ባለባቸው አካባቢዎች ደግሞ ትኩሳትና ቁርጥማት የደም ምርመራም ያስፈልጋቸዋል።

የሚከተሉት ወረርሽኝ ቢኖርም ቀጠሮ አይሰጣቸውም። ደረትን የሚጫንና ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብ ጋር የሚመጣ ሕመም «ጨጓራ ነው» ተብሎ በወተት አይታለፍም፤ የልብ ሊሆን ይችላል። በድንገት የጀመረና ከዚህ በፊት ያልታየ ከባድ ራስ ምታት፣ ከማጅራት መገተርና ከትኩሳት ጋር የመጣ ራስ ምታት፣ በነፍሰ ጡር ላይ ከዓይን ብዥታ ጋር የታየ ራስ ምታት እንዲሁ ናቸው። ከወገብ ሕመም ጋር እግር ከሰነፈ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመ በዚያው ዕለት መታየት ግዴታ ነው። ለሳምንታት የቆየ የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው አይዘግይ።

ወደ ጤና ተቋም የሚሄድ ሰው አፍና አፍንጫውን በጭምብል ሸፍኖ፣ አስታማሚ ካስፈለገው አንድ ሰው ብቻ አስከትሎ፣ በተራ መጠበቂያው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይራቅ። ጉዳዩ አስቸኳይ ካልሆነ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የመድኃኒት ቤት ባለሙያን አስቀድሞ መጠየቅ ጉዞውን ሊያስቀር ይችላል። ባለሙያው ፊት ሲቀርቡ «ኩላሊቴን» ወይም «ብርድ ነው» ከማለት ይልቅ ቦታውን በጣት ማሳየት፣ መቼ እንደጀመረና ምን እንደሚያብሰው መናገር ይጠቅማል። የተወሰደው መድኃኒት ባዶ ማሸጊያም አብሮ ይያዝ፤ ዳማከሴም ይሁን ሌላ ቅጠል ከተወሰደ ባለሙያው ሊያውቀው ይገባልና በእፍረት አይደበቅ።