የማዕድ ወግና የልብስ ክብር

ልጆች ሆይ፤ ሰው በቤቱ ብቻውን ሲበላ ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ አይታወቅም። ከቤቱ ወጥቶ ከሌላ ሰው ጋራ ለማዕድ በተቀመጠ ጊዜ ግን ሆዳምነቱም ትዕግሥቱም፥ ትዕቢቱም ትሕትናውም ከእንጀራው ጋራ አብሮ ይቀርባል። የለበሰው ልብስም እንዲሁ ነው። ልብስ አፍ ሳይኖረው ይናገራልና፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። ዛሬ የምታነቡት ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ ነው። ኋላም እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ያየሁትን አንድ ነገር እነግራችኋለሁ።

አስቀድመን ስለ ማዕድ እንናገር። በአገራችን ወግ ምግብ ሳይቀርብ እጅ መታጠብ ይቀድማል። ከቤቱ ልጆች ታናሹ ማንቆርቆሪያውንና የእጅ መታጠቢያውን ይዞ ይቆማል፤ ፎጣውንም በክንዱ ላይ ያደርጋል። ውኃውን ማፍሰስ የሚጀምረውም ከሽማግሌው ወይም ከእንግዳው ነው። ብዙ ልጆች ይህን ሥራ ይጠሉታል፤ እኔም እጠላው ነበር። ነገር ግን ማንቆርቆሪያ የያዘ ልጅ የሰውን ሁሉ እጅ ያያል፤ የገበሬውን ሻካራ መዳፍ፥ የጸሐፊውን ቀለም የነካው ጣት፥ በምጣድ ትኩሳት የጠቈረውን የእናቱን እጅ ያያል። ይህ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ ሞሰቡ ይከፈታል። ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ አይጀምርም። የሚበላው በቀኝ እጅ ነው፤ የሚቈረሰውም ከፊት ካለው እንጀራ ነው እንጂ ወዲያ ማዶ ተሻግሮ ሥጋ መፈለግ ነውር ነው። ጣትን መላስም፥ አፍን ሞልቶ መናገርም እንደዚሁ ነው። ጉርሻም አለ፤ ጉርሻ ማለት እንጀራውን በወጥ ጠቅልሎ በወዳጅ አፍ ማኖር ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል፥ ያጐረሰ ሰው ሁለተኛውን ይጨምራል። ጉርሻን እንቢ ማለት አጕራሹን ማሳፈር ነው፤ ጉርሻውን ከአፍ በላይ ማተለቅ ደግሞ ጐራሹን ማስጨነቅ ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር አክስቶቻችን ገና አልሰሙትም።

እንግዳ የሚጠራ ሰውም እንግዳው የሚበላውንና የማይበላውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። በረቡዕና በዓርብ ጾመኛውን ጠርቶ ሥጋ ማቅረብ መጥራት አይደለም። በአገራችን ክርስቲያን እስላም ጎረቤቱን ለሠርግ በጠራ ጊዜ፥ ከብቱን በእስላም እጅ አሳርዶ፥ በሌላ ዕቃ አሠርቶ፥ ለብቻ ያቀርብለታል፤ እስላሙም ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። ማዕዱ ሁለት ነው፤ ደስታው ግን አንድ ነው።

በቀድሞ ዘመን መንገደኛ በመሸበት ቤት ደጅ ቆሞ "የመሸበት እንግዳ" ባለ ጊዜ ይቀበሉት ነበርና፥ ምግብን በገንዘብ መሸጥ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ያሠሩት ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ግድም ሥራ በጀመረ ጊዜ፥ ከፍሎ መብላት ለሰው እንግዳ ነገር ሆነ። ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ መኳንንታቸውን አስከትለው ወደዚያ ሄዱ፤ በልተውም ሒሳቡን ከፈሉ፤ መኳንንቱም እንዲሁ እንዲለምዱ አደረጉ ተብሎ ይተረካል። ከዚያ ወዲህ የምግብ ቤት በየከተማው በዛ።

በምግብ ቤት ለእያንዳንዱ ሰው ሳህን ለብቻው ይቀርብለታል። ሹካ በግራ፥ ቢላዋ በቀኝ ይያዛል፤ ይህን መልመድ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ያልለመደውንም ማፌዝ አይገባም። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። በአንድ ሞሰብ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው የባልንጀራውን እጅ ሳያይ መብላት አይችልም፤ በየሳህኑ የሚበላ ግን ዓይኑን ሳያነሣ ሊጠግብ ይችላል። ደግሞም ገንዘብ የከፈለ ሰው ምግቡን ገዛ እንጂ አሳላፊውን አልገዛም። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል።

አሁን ወደ ልብስ እንመለስ። ነጠላ ስትለብሱ ስንት ሰው እንደ ደከመባት አስቡ። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ከዚያም ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔውም እግሩን በጕድጓድ ውስጥ አድርጎ፥ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ ይሠራዋል። ከጋሞ ደጋ የወጡ ሸማኔዎች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ጋቢ ደግሞ አራት እጅ ተደርቦ የሚሠራ ነውና ለብርድ ይሆናል። ያረጀ ልብስ ነውር አይደለም፤ ያደፈ ልብስ ግን ስንፍና ነው። እናቶቻችን ሳሙና ባይገኝም በእንዶድ ያጥቡ ነበር።

አለባበሱም ራሱ ቃል ነው። ለበዓል የወጣች ሴት የነጠላዋን ጥለት ወደ ታች ታደርጋለች፤ ኀዘን የደረሰባት ጥለቱን ወደ ላይ ወደ አንገቷ ትመልሰዋለች። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነጠላውን በትከሻው ላይ አመሳቅሎ ይለብሳል። በሚያከብሩት ሰው ፊት የሚቆምም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ይታጠቃል፤ ይህም ማደግደግ ይባላል። እንግዲህ አንዱ ሸማ ሳይለወጥ አራት ነገር ይናገራል። ኮት ግን ቁልፉን ከመዝጋትና ከመክፈት በቀር ይህን ያህል አይችልም። ኮትን መንቀፌ አይደለም፤ እኔም እለብሳለሁ፤ የምነግራችሁም ነገር ስለ አንድ ኮት ነው።

አራት ተማሪዎች ሆነን በአንድ ቤት እንኖር ነበር። በጥር ወር የእኩሌታውን ዓመት ፈተና አልፈን ደስ ስላለን፥ ገንዘብ አዋጥተን በአራዳ ካለ አንድ ምግብ ቤት ራት ልንበላ ተስማማን። ከእኛ መካከል አንዱ ከገጠር የመጣ ነበረ፤ በትምህርት ግን ሁላችንን ይበልጥ ነበር። ከሸሚዙ በላይ የሚለብሰው ነጠላ ብቻ ስለ ነበረ፥ "ነጠላ ለብሼ ወደዚያ አልገባም" አለ። እኔም ሁለት ኮት ነበረኝና አንዱን አዋስሁት። ለበሰውና በመስተዋት ፊት ብዙ ቆመ። እውነቱን ለመናገር አማረበት፤ ከእኔ ይልቅ ለእርሱ የተሰፋ ይመስል ነበር።

በምግብ ቤቱም ተቀምጠን ማካሮኒ አዘዝን። ወዳጃችን ሹካ እንዴት እንደሚያዝ ከእኛ እያየ ይበላ ጀመር፤ ቶሎም ለመደ። አሳላፊውን ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ "አንተ!" እያለ ይጠራው ነበር፤ አሳላፊውም በዕድሜ አባቱን ያህል ነበረ። ያን ኮት ሳይለብስ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ገቡ። ጋቢያቸው በመንገድ ትቢያ አፈር መስሎ ነበር፤ እግራቸው ባዶ ነበረ፤ በእጃቸውም ዱላ ይዘው ነበር። አሳላፊው "አባቴ፥ ማንን ይፈልጋሉ?" አላቸው። እርሳቸውም ሳይመልሱ በቤቱ ያለውን ሰው ሁሉ በዓይናቸው ፈለጉ፤ በእኛ ማዕድ ላይ ሲደርሱም ፊታቸው በራ። "ይኸው አገኘሁት" ብለው ወደ እኛ መጡ።

እኛም ወዳጃችንን "እኒህ ማን ናቸው?" ብለን ጠየቅነው። ወደ ሳህኑ አቀርቅሮ፥ "የመንደራችን ሰው ነው፤ የአባቴን ከብት የሚጠብቅ" አለ። ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎት ነበር። ሽማግሌው ግን ሦስት ርምጃ ያህል ቀርበው ነበርና ሰሙ። በደረሱበትም ቆሙ። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ሣቀ፤ የሣቅሁትም እኔ ነኝ።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ መነጽር ያደረጉ አንድ ትልቅ ሰው ብቻቸውን እንጀራ ይበሉ ነበር። ለሽማግሌው ማንም እንዳልተነሣላቸው ባዩ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡና "ኖር!" አሉ። ሽማግሌውም "በእግዚአብሔር! ይቀመጡ" ብለው እጅ ነሡ። ባለ መነጽሩም "ብቻዬን ነኝ፤ እንብላ" ብለው ወንበር ሳቡላቸው። ሽማግሌውም ሳይቀመጡ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አደገደጉ። ውኃ ቀረበላቸው፤ ታጠቡ። ባለ መነጽሩም "እነዚህን ልጆች ያውቋቸዋል?" ብለው ጠየቋቸው።

ሽማግሌውም፥ "አንደኛውን አውቀዋለሁ። የተናገረውም እውነቱን ነው፤ የአባቱን ከብት የምጠብቅ እኔ ነኝ" አሉ።

በእኛ ማዕድ የሹካ ድምፅ ጠፋ። ወዳጃችን ዓይኑን አላነሣም፤ ጆሮው ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ሽማግሌው እንጀራ ቈርሰው በወጥ ጠቀለሉ፤ ነገር ግን ወደ አፋቸው አላደረሱትም። ባለ መነጽሩን "ይፍቀዱልኝ" ብለው ተነሡና ወደ እኛ መጡ። "ልጄ፥ ከስተሃል" አሉት፤ ጉርሻውንም ወደ አፉ አቀረቡለት። አፉን ከፍቶ ጐረሰ፤ ሊውጠው ግን አልቻለም። እንባው ባዋስሁት ኮት ላይ ወረደ።

በብዙ ጭንቅ ከዋጠ በኋላ ተነሥቶ ቆመ። "አባቴ ናቸው!" አለ። ለእኛ ብቻ የተናገረ አይደለም፤ በቤቱ ያለ ሁሉ እንዲሰማ ጮኾ ነው። አባቱም "ቀስ በል፤ ሰው ይበላል" አሉትና ሁለተኛውን ጉርሻ ጨመሩለት። ከዚያም ወደ ባለ መነጽሩ ተመልሰው ራታቸውን በሉ፤ ልጃቸውም እስኪጨርሱ ድረስ በአጠገባቸው ቆሞ ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። አሳላፊው ባለፈም ጊዜ "ጋሼ" ብሎ ጠራው።

ሒሳብ በመጣ ጊዜ እኛ ከኪሳችን ያዋጣነውን ስናወጣ፥ ሽማግሌው "እናንተ ልጆች ናችሁ" ብለው ከለከሉን። የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው፥ በዚያ ቋጥረው የያዙትን ገንዘብ አወጡና የአራታችንንም ከፈሉ። ያን ገንዘብ ለልጃቸው መጽሐፍ መግዣ ብለው፥ ጤፍ ሸጠው ያመጡት እንደ ነበረ የሰማነው ኋላ ነው።

ከደጅ ስንወጣ ብርድ ነበረ። ወዳጄ ኮቱን አውልቆ አጠፈና በእጄ ሰጠኝ። "ነገ ትመልሰዋለህ፤ አሁን ይበርድሃል" አልሁት፤ እንቢ አለኝ። በሸሚዝ ብቻ ስለ ቀረ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አባቱም ይህን አይተው ጋቢያቸውን ዘረጉ፤ እኩሌታውንም በትከሻው ላይ ጣሉለት፤ ሁለቱም በአንድ ጋቢ ሆነው ዳገቱን ወጡ። እኔም አንዱን ኮት ለብሼ፥ ሁለተኛውን በክንዴ ይዤ፥ ከኋላቸው ተከተልሁ።