የእጅ ስልክ ዳታ ወጪና የነጋዴው ሒሳብ

ነጋዴ ወደ ሱቁ የሚገባውንና ከሱቁ የሚወጣውን ዕቃ በመዝገብ ይጽፋል፤ የቤት ኪራዩን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ፣ የመብራቱንና የማጓጓዣውን ዋጋ ለይቶ ያውቃል። ነገር ግን ለሞባይል ዳታ የሚከፍለውን ገንዘብ በመዝገብ የሚያገባ ነጋዴ ጥቂት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት ወጪው በትንሽ በትንሹ ስለሚወጣና ለዓይን ስለማይከብድ ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፣ ዛሬ አንድ የቀን ጥቅል፣ ነገ ሌላ ጥቅል እየተባለ የተገዛው ሁሉ በወሩ መጨረሻ ቢደመር ባለቤቱን የሚያስገርም ሒሳብ ይሆናል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳም በ2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ስልክ መነጋገሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ መሳቢያም ሆኗል። ዋጋ የሚጠየቀው፣ ናሙና የሚታየው፣ ክፍያም የሚፈጸመው በእርሱ ነው። ስለዚህ ዳታው ያለ ጊዜው ያለቀበት ነጋዴ በገበያ ቀን የሱቁን በር እንደ ዘጋ ይቈጠራል።

ለአብነት ያህል በመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ይታሰብ። ይህ ነጋዴ በየሰኞው ለሱቁ ስልክ የሳምንት ጥቅል ይገዛል፤ ሐሙስ ቀትር ሲሆን ግን ጥቅሉ ያልቃል። ከክፍለ ሀገር ያለ ደንበኛ የሚፈልገውን የጨርቅ ዓይነት በፎቶግራፍ ቢልክ አይደርስም፤ ደንበኛውም መልስ በማጣቱ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ነጋዴው በዚህ ተቈጥቶ ስልኩን የሚይዘውን ወጣት ሠራተኛ ይጠረጥራል፤ ሥራውን ትቶ ቪዲዮ ሲያይ ይውላል ብሎም ከደመወዙ ሊቀንስበት ያስባል። ይሁን እንጂ ሚዛን ሳይታይ ፍርድ መስጠት የነጋዴ ወግ አይደለም፤ አስቀድሞ መመዘን ይገባል።

1ኛ፤ ስለ መለኪያው

ጨርቅ በሜትር፣ ቡናም በኪሎ እንደሚለካ ሁሉ ዳታም የሚለካው በባይት ነው። አንድ ሜጋባይት 1 ሚሊዮን ባይት፣ አንድ ጊጋባይት ደግሞ 1,000 ሜጋባይት ያህል ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው የኢንተርኔት አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። እንግዲህ 200 ፊደል ያለው መልእክት 600 ባይት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለመላላኪያው የሚጨመረው ሳይቈጠር፣ በአንድ ሜጋባይት ከ1,600 በላይ እንዲህ ያለ መልእክት ይላካል።

ድምፅና ሥዕል ግን ከዚህ እጅግ የከበዱ ናቸው። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የሚፈስ ሙዚቃ በአንድ ሰዓት 58 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ቪዲዮ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢፈስ በሰዓት 450 ሜጋባይት፣ ጥራቱ ከፍ ብሎ 5 ሜጋቢት ቢሆን ግን 2,250 ሜጋባይት፣ ማለትም ከ2 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። ከዚህ እንደሚታየው ብዙ መልእክት የጻፈ ሰው ዳታ አይጨርስም፤ ጥቅሉን የሚበላው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው።

2ኛ፤ በላተኛውን ስለ መለየት

እያንዳንዱ አፕ የወሰደውን ዳታ ስልኩ ራሱ መዝግቦ ይይዛል። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ከተከፈተ በኋላ በኔትወርክ ክፍል ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለው ቦታ ሲነካ የአፖቹ ዝርዝር ከትልቁ ወደ ትንሹ ተደርድሮ ይታያል። በአይፎን ዝርዝሩ የሚገኘው በሞባይል ዳታ ክፍል ሲሆን፣ ቈጠራው በየወሩ በራሱ ስለማይታደስ ባለቤቱ ጥቅል በገዛበት ቀን ከዜሮ ማስጀመር አለበት።

በአንድሮይድ ዝርዝር ውስጥ አንድ አፕ ሲነካ ሁለት ቍጥር ይታያል። አንደኛው ሰው ከፍቶት ሳለ የወሰደው ነው፤ ሁለተኛው ግን ማንም ሳይነካው ከበስተጀርባ ሆኖ የወሰደው ነው። የመርካቶው ነጋዴ በዚህ መንገድ ቢመረምር ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። ስልኩ በብዙ የቴሌግራም የንግድ ቻናል የተመዘገበ በመሆኑ በየቻናሉ የሚለቀቀው ፎቶግራፍና ቪዲዮ ማንም ሳይጠይቀው ይወርዳል፤ በሱቁ የተነሣው የጨርቅ ፎቶግራፍም ሁሉ በየሰዓቱ ወደ ኢንተርኔት ማስቀመጫ ይጫናል። ስለዚህ ሠራተኛው ከተጠረጠረበት ነገር ንጹሕ ነው።

3ኛ፤ ስለ መድኃኒቱ

በመጀመሪያ፣ በቴሌግራምና በዋትሳፕ ሴቲንግ ውስጥ ፎቶግራፍና ቪዲዮ በሞባይል ዳታ በራሱ እንዳይወርድ ማድረግ ነው። ከዚህ በኋላ የተፈለገው ብቻ በጣት ሲነካ ይወርዳል።

ሁለተኛ፣ በፌስቡክ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር መከልከል፣ በዩቲዩብም በሞባይል ዳታ ጊዜ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ነው። ቲክቶክም ለዚሁ የተዘጋጀ የዳታ መቈጠቢያ አለው።

ሦስተኛ፣ የአፖች አፕዴትና የፎቶግራፍ ማስቀመጥ ሥራ በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ማዘዝ ነው።

አራተኛ፣ ስልኩ ራሱ ያለውን ጠቅላላ መቈጠቢያ መክፈት ነው። በአንድሮይድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአይፎንም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የመሰለ መሣሪያ ይገኛል። የአንድሮይዱ መቈጠቢያ አፖች ከበስተጀርባ ዳታ እንዳይወስዱ ይከለክላል። በዚህ ጊዜ መልእክት ሊዘገይ ስለሚችል፣ የባንክና የክፍያ አፕ፣ እንዲሁም ደንበኛ የሚጽፍበት አፕ ከክልከላው ውጭ እንዲሆኑ በስማቸው መፍቀድ ያስፈልጋል።

4ኛ፤ ስለ ሆትስፖት

ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚጎዳበት ቦታ ይህ ነው። የሱቁ ኮምፒዩተር ከስልኩ በሆትስፖት ኢንተርኔት ሲወስድ፣ ኮምፒዩተሩ ያገኘውን መሥመር እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ሊቈጥረው ስለሚችል የዊንዶውስን ከባድ አፕዴት በነጋዴው ጥቅል ያወርዳል። በሆትስፖት የተያያዘ ሁለተኛ ስልክም እንዲሁ «በዋይፋይ ብቻ» የተባለውን ሥራ ሁሉ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ በዊንዶውስ የዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ መሥመሩ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ምልክት ማድረግ፣ ሥራው ሲያልቅም ሆትስፖቱን መዝጋት ይገባል።

5ኛ፤ ሊቈጠብ ስለማይገባው

ቍጠባ ልክ አለው። ለዳታ ተብሎ የክፍያና የባንክ አፕን አፕዴት ለዘለዓለም ማቆም አደጋ ነው፤ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፈነው በአፕዴት ነውና። ይልቁንም በሳምንት አንድ ቀን ዋይፋይ ባለበት ቦታ ሁሉንም በአንድነት ማደስ ይሻላል።

ደግሞም ሁሉ ክፍያ ዳታ አይፈልግም። ቴሌብር በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የክፍያ ማረጋገጫ የሆነው አጭር የጽሑፍ መልእክትም በዳታ የሚመጣ አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው ገንዘብ መግባቱን በራሱ ስልክ ከመጣው መልእክት ወይም ከቀሪ ሒሳቡ ማረጋገጥ ይችላል። ደንበኛ የሚልከው የደረሰኝ ፎቶግራፍ ዳታ ከመብላቱም በላይ ሊለወጥ የሚችል ስለሆነ፣ እርሱን ብቻ አይቶ ዕቃ ማስረከብ አይገባም።

ከዚህ በላይ የተነገረውን ለመፈጸም ከግማሽ ሰዓት የበለጠ ጊዜ አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ ነጋዴው በመዝገቡ አንድ ዓምድ ከፍቶ ጥቅል የገዛበትን ቀን፣ ዋጋውንና ያለቀበትን ቀን ለአራት ሳምንት ቢጽፍ፣ ለሱቁ የሚበቃው ጥቅል የትኛው እንደ ሆነ ከመዝገቡ ይረዳል። ሐሙስ ያልቅ የነበረው እስከ እሑድ ከደረሰ ትርፉ ታወቀ ማለት ነው። በከንቱ የተጠረጠረ ሠራተኛ ቢኖርም፣ ጌታው ሚዛኑን አሳይቶ ይቅርታ ሊጠይቀው ይገባል፤ የሱቅ ሥራ የሚቃናው ከሒሳቡ ጋራ መተማመንም ሲኖር ነውና።