መንገዱ ለእግረኛ ሲለቀቅ፦ በወር አንድ እሁድ ለጤናችን ምን ያደርጋል?

የዛሬው ትምህርት ስለ ክኒን አይደለም፤ ስለ መንገድ ነው። «ሐኪም ደግሞ ስለ መንገድ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ምናልባት የአንድ ዘመዳችሁን ሕይወት ታተርፉበታላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አጎቴ ከቆሰበር ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ መጥተው እኔ ቤት አርፈው ነበር። ቀኑ የወሩ የመጨረሻ እሁድ፣ «መንገድ ለሰው» የሚባለው ቀን ነው። ጠዋት ተነሥተን በእግራችን ወደ መስቀል አደባባይ ወረድን። መኪና የለም። ልጆች አስፋልቱ ላይ ኳስ ይራገጣሉ፣ ወጣቶች በሙዚቃ ስፖርት ይሠራሉ፣ ብስክሌት የሚነዱም አሉ። አጎቴ መሐል አስፋልት ላይ ቆመው ግራ ቀኙን አዩና «ይሄ ሁሉ መኪና ዛሬ የት ገባ?» አሉኝ።

ዳር ላይ ድንኳን ጥለው ግፊትና ስኳር በነጻ የሚለኩ ባለሙያዎች ነበሩ። «ጋሼ፣ ይለኩ እንጂ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «እኔ? ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ የሄድኩት ሰውዬ! ይልቅ አንተ ተለካ፤ ሆድ ያወጣኸው አንተ ነህ» አሉኝ። ለምኜ አስቀመጥኳቸው። 178/104።

«ስለ ተራመድኩ ነው» አሉ። ሊሆን ይችላል ብለን ጥላ ሥር አሥር ደቂቃ አሳርፈን እንደገና ለካን። 174/102።

እዚያ ላይ ማን እንደ ደነገጠ ታውቃላችሁ? እኔ። በየቀኑ የሰው ግፊት የምለካ ሰው፣ ቆሰበር በሄድኩ ቁጥር እሳቸው ቤት በልቼ ጠጥቼ የምመለስ ሰው፣ አንድም ቀን ለክቼላቸው አላውቅም ነበር። ጠንካራ ስለሚመስሉ ብቻ! የዚያን ቀን ሀፍረት እስከ ዛሬ አይለቀኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

*«መንገድ ለሰው» ከየት መጣ?*

አገራችን ውስጥ ከመኪና ነጻ የሆነው ቀን የተጀመረው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር አሚር አማን ሐሳቡን ከገፉት ሰዎች መካከል ነበሩ። አዲስ አበባን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች የተመረጡ መንገዶች ለተወሰኑ ሰዓታት ለመኪና ተዘጉ፤ ከዚያም በየወሩ የመጨረሻ እሁድ የሚደረግ ልማድ ሆነ።

ሐሳቡ የኛ ብቻ አይደለም። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እሁድ እሁድ ዋና ዋና መንገዶቿን ለእግረኛና ለብስክሌት መልቀቅ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን ዛሬ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ትለቃለች። ኪጋሊም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ታደርገዋለች።

*በወር አንድ ቀን መራመድ በቂ ነው?*

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በወር ስናሰላው 600 ደቂቃ ነው። እሁዷን ሁለት ሰዓት ሙሉ ብትራመዱ 120 ደቂቃ አገኛችሁ፤ 480 ደቂቃ ዕዳ አለባችሁ ማለት ነው!

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ሦስት ነገር ልጥቀስ።

1. ማስጀመሪያ ነው። በመኪና ወይም በባጃጅ ብቻ የምታልፉበትን መንገድ አንድ ጊዜ በእግራችሁ ስትሄዱት ርቀቱ ያን ያህል እንዳልሆነ ታዩታላችሁ። ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ስትጠብቁ «ይቺማ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ናት» ማለት ትጀምራላችሁ። ልኩን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፦ እየተራመዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ግን መዝፈን ካቃታችሁ መጠነኛ እንቅስቃሴ ላይ ናችሁ። መዝፈንም ከቻላችሁ ትንሽ ፈጠን በሉ።

2. ለእግረኛ ደህና መንገድ ምን እንደሚመስል ያሳያል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ልጅ እጁን ሳይያዝ የሚሮጥበትን መንገድ በወር አንዴ ያየ ሰው በሌላው ቀንም የእግረኛ መንገድ ይጠይቃል።

3. ድምፅ የሌለውን በሽታ ያጋልጣል። ለኔ ትልቁ ይሄ ነው። የደም ግፊት (ብዙዎቻችን «ደም ብዛት» የምንለው) አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። ስትሮክ፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት መድከም ሲመጣ ነው የሚነቁት። አጎቴ ሆስፒታል ሄደው ለመለካት ወረፋ አይጠብቁም ነበር። መንገድ ላይ ግን ድንኳኑ ራሱ መጣላቸው።

*ለምን ገበያ ይጨመርበት እላለሁ?*

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ አንድ ነገር አሉኝ። «ለስፖርት ነው ብትለኝ አልወጣም ነበር። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አስፋልት ላይ ስዘል ሰው ምን ይለኛል? ገበያ ነው ብትለኝ ግን ማንም ሳይጎትተኝ እወጣለሁ።»

ምን መሰላችሁ፣ ይሄ ትልቅ የሕዝብ ጤና ትምህርት ነው። «መንገድ ለሰው» ላይ በብዛት የምናየው ወጣቱን ነው። ግፊትና ስኳር ይበልጥ የሚያሰጋቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ለስፖርት ብለው አይወጡም። እናቴን «ውጪና ተራመጂ» ብላት ሥራዋን ትቆጥርልኛለች፤ «ገበያ እንሂድ» ብላት ነጠላዋን ታነሣለች። ገበያ ውስጥ ደግሞ ሳይታወቅ ስንት እርምጃ ይኬዳል! ዋጋ ሲጠየቅ፣ ተመልሶ ሲታይ፣ ዘመድ ሲገኝና ቆሞ ሲጨዋወት ሁለት ሰዓት ያልፋል። ብቻቸውን የሚውሉ አረጋውያን ሰው ማግኘታቸው በራሱ ለአእምሮ ጤና ትልቅ ነገር ነው።

ቆሰበር ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት። በወር አንድ እሁድ፣ ለግማሽ ቀን፣ አንድ የውስጥ መንገድ ብቻ ይለቀቅ እንበል። ቀርከሃ የሚሠሩት ባለሙያዎች ወንበራቸውንና ቅርጫታቸውን ያውጡ። ገበሬው ድንቹን፣ ገብሱንና ማሩን ያምጣ። ሠዓሊው ሥዕሉን ይስቀል፣ የአገውኛ ዘፋኙ ይዝፈን። ዳር ላይ ያሉት ሱቆችም በራቸውን ይክፈቱ፤ በመኪና የሚያልፍ ሰው ያልፋል፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን ቆሞ ያያል። መሐል ላይ ደግሞ አንዲት የግፊትና የስኳር መለኪያ ድንኳን ትኑር።

ሰው አይወጣም እንዳትሉኝ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ሕዝቡ እንዴት እንደሚወጣ እናውቃለን። እኔ የምለው ከዚያ ትንሿን ቁራጭ በየወሩ እንድገማት ነው። ዳንግላም ብትከተል ደስ ይለናል።

ጥንቃቄዎች አሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ዋናው አስፋልት አይዘጋም፤ አምቡላንስና የሩቅ አገር አውቶቡስ ያልፍበታል። በሚዘጋው መንገድ ላይም አምቡላንስ የሚገባበት ክፍት ቦታ መተው አለበት። ክረምቱ ላይ ደግሞ የኛ አገር ዝናብ ስለማይቻል ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይሻላል።

*ገበያው ላይ ስትበሉ ስትጠጡ*

• ትኩስ ምግብ ትኩስ እንደሆነ ይበላ። ጠዋት ተሠርቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ወጥ ለሆድ ሕመም ይዳርጋል። ሻጮች ከሆናችሁ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ከምግቡ ቀድሞ ይዘጋጅ።

• ጥሬ ወተት ይፈላ። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል።

• ጥሬ ሥጋ ይቅርባችሁ። የከተማችንን ስም «ኮሶ በር» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ የኮሶ ዛፍ አገር ነውና ኮሶ ትል ከምን እንደሚመጣ ለናንተ አልነግርም! ትሉ ከያዛችሁ ግን ኮሶውን በግምት ቀቅላችሁ አትጠጡ፤ መጠኑ ካለፈ ይጎዳል። ጤና ተቋም ሄዳችሁ በመጠን የሚሰጥ ክኒን ውሰዱ።

• ከሰል ክፍት ቦታ ላይ ይነድ። የኛ አገር ብርድ ከባድ ነው፤ ድንኳን ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ግን ነፍስ ያጠፋል። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡ።

• ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። የተራመዳችሁትን በጠላ፣ በአረቄና በለስላሳ መጠጥ አትመልሱት። ውኃ ያዙ፣ ባርኔጣም አድርጉ፤ ደጋ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ታቃጥላለች።

*ግፊት ሲለካ እንዲህ ይሁን*

1. ከመለካታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጡ፣ አታጭሱ፣ በፍጥነት አትራመዱ። ሽንት ከመጣችሁ ቀድማችሁ ሽኑ።

2. ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታጣምሩ መሬት አስነክታችሁ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ።

3. ክንዳችሁ በልብ ትይዩ ይደገፍ። መለኪያው በወፍራም ሹራብ ላይ አይታሰር። ሲለካ አታውሩ።

4. 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትንሽ አርፋችሁ ድገሙት። አሁንም ከፍ ካለ ቁጥሩን በወረቀት አጽፋችሁ በዚያው ሳምንት ጤና ተቋም ሂዱ። በአንድ ቀን ልኬት ብቻ «ግፊት አለብኝ» ብላችሁ አትደምድሙ፤ «ድካም ነው» ብላችሁም አትተዉት።

5. 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከባድ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአፍ መጣመም ካለ ነገ አትበሉ። አሁኑኑ ሆስፒታል!

የልብ ሕመም ያለባችሁ እንቅስቃሴ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ቁርስ ሳትበሉ አትውጡ፣ ከረሜላ ኪሳችሁ ይኑር፣ ጫማችሁ የማይጨብጥ ይሁን፣ ስትመለሱም እግራችሁን አገላብጣችሁ እዩ።

*አጎቴስ?*

ሰኞ ምርመራ አደረግን፣ ሌላ ቀንም ደገምን፣ ግፊቱ እውነት ሆነ። በቀን አንድ ክኒን ተጀመረላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ «ዳንኩ» ብለው አቆሙት! ደውዬ ስጠይቃቸው «ምንም አያመኝም እኮ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ድሮስ መቼ አመመዎት?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እሱስ እውነትህን ነው» ብለው ጀመሩት። የሚደንቀው፣ ይህንን ስህተት ብዙ ታካሚዎች ይሠሩታል። ግፊቱ የወረደው በክኒኑ ነው፤ ክኒኑ ሲቆም ይመለሳል።

አሁን ደህና ናቸው። ቆሰበር በሄድኩ ቁጥር መለኪያዬን ይዤ እገባለሁ፤ ከቡናው በፊት ይለካሉ፣ ቁጥሩንም ደብተር ላይ ራሳቸው ይጽፋሉ። ባለፈው ስለካቸው «ታዲያ የኛ አገር መንገድ ለሰው የሚሆነው መቼ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን ለናንተም፣ ለከተማችን አስተዳዳሪዎችም አስተላልፌዋለሁ።

እስከዚያው ግን መንገድ እስኪዘጋ አትጠብቁ። የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ አንድ ነው፦ «እኔ ጤነኛ ነኝ» የሚል አንድ የቤተሰብ አባል ይዛችሁ፣ በእግራችሁ፣ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ሂዱና አስለኩ። ቁጥሩን ሳይሆን «አስለክቻለሁ» የሚለውን ብቻ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ለሌሎችም ሼር አድርጉላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!