«ወላጅ አምጣ» ብቻውን አይበቃም

በዛሬው ጽሑፋችን፣ ነገ ተመርቀን በየወረዳው ስንመደብ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚገጥመንን አንድ ጉዳይ እናነሳለን። ይኸውም በትምህርት ቤት፣ በቤተሰብና በአካባቢው ሕዝብ መካከል ሊኖር የሚገባው ግንኙነት ነው።

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ወላጅ የሚጠራባት ቃል የታወቀች ናት፤ «ወላጅ አምጣ!» ትባላለች። ተማሪው ሲረብሽ፣ ሲያረፍድ ወይም መስኮት ሲሰብር ትነገረዋለች። ሌላው ጥሪ የሚመጣው ለአጥር ወይም ለመማሪያ ክፍል መሥሪያ መዋጮ ሲፈለግ ነው። እንግዲህ አባትዬው በተጠራ ቁጥር ወይ ሊወቀስ ወይ ሊከፍል ከሆነ፣ በሦስተኛው ጥሪ ቢቀር ምን ይገርማል? ልጁም ከመንገድ የለመነውን ሰው «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ ከች ይላል። እኛ ደግሞ «ወላጆች ለትምህርት ደንታ የላቸውም» ብለን እንደመድማለን።

ሕዝብ ያልመከረበት ሥራ የት እንደሚደርስ ከታሪካችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት፣ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለገጠሩም ሕፃናት ጭምር ለማዳረስ ያሰበ ነበር። ነገር ግን ብዙኃኑ መምህርና ወላጅ ሳይመክሩበት ቆይቶ በ1966 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ነው» የሚል ስጋት ተዛመተ። በየካቲት ወር መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችና ተማሪዎችም ተቃወሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። በውስጡ የነበረው ጠቃሚ ሐሳብም አብሮ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ ለወላጅ መምህር ኅብረትና ለቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በትምህርት ቤት አስተዳደር ውስጥ ሥልጣንና ኃላፊነት ሰጠ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራምም ከአራቱ ዐበይት ርእሶቹ አንዱን የኅብረተሰብ ተሳትፎ አደረገው። ሆኖም መመሪያ በራሱ እግር ከቤት ወደ ቤት አይሄድም፤ የሚሄደው መምህሩ ነው። ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ወቀሳ ከመምጣቱ በፊት መልካም ወሬ ይዘን እንሂድ። «እንደምን ዋሉ እናቴ፤ ልጅዎ ዛሬ ማባዛቱን ያለ ስሕተት ሠራ» ያለ መምህር፣ ሌላ ቀን ችግር ይዞ ቢመጣ ይደመጣል።

ሁለተኛ፣ የቀረ ተማሪን ቶሎ እንጠይቅ። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ቀን ስትቀር ሄዶ የጠየቀ ምክንያቱን ያገኛል፤ ከወር በኋላ የሚጠይቅ ግን ልጅቱ ተድራ ወይም ለግርድና ከተማ ሄዳ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የአገር ሽማግሌዎችና የዕድር ዳኞች ከእኛ ይልቅ ስለሚሰሙ እነሱን ይዘን እንግባ።

ሦስተኛ፣ የአካባቢውን ወራትና ቀን እንወቅ። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ላይ ያለን ገበሬ፣ ወይም በገበያ ቀን ማንንም ለስብሰባ መጥራት ባዶ ወንበር መጥራት ነው። ጊዜውን ወላጆች ራሳቸው ይምረጡት።

አራተኛ፣ የተዋጣው ገንዘብ ስንት እንደሆነና በምን ላይ እንደዋለ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በስብሰባ ይነገር። ሂሳቡን ያወቀ ሰው ለሚቀጥለው ሥራ እጁን አያጥፍም።

አምስተኛ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆች «እኔ ምን አውቄ!» ሲሉ አንተዋቸው። ከከብት ጥበቃና ከውኃ ቀድቶ ማምጣት ለልጁ ግማሽ ሰዓት ማትረፍ ይችላሉ። ማታም «እስኪ ዛሬ የተማርከውን አንብብልኝ» ብለው ማዳመጥ ይችላሉ። ይህ ዲፕሎማ አይጠይቅም።

እርግጥ ነው፣ ስድሳና ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ይዞ ሁሉንም ቤት ማዳረስ አይቻልም። ነገር ግን በሳምንት ሁለት ቤት ብንጎበኝ በዓመት የክፍላችንን አብዛኛውን ቤት እናውቃለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ልጁን በአንድ በኩል እኛ፣ በሌላው በኩል ቤተሰቡ፣ በዙሪያው ደግሞ መንደሩ ከያዘው መውደቂያ አያገኝም።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. በተማርንባቸው ትምህርት ቤቶች ወላጆቻችን ለምን ለምን ይጠሩ ነበር?
2. ለተግባር ልምምድ በምንወጣበት ቀበሌ ለወላጆች ስብሰባ የሚመቸው ቀን የትኛው ነው? ማንን ጠይቀን እናውቃለን?