የሰው ኃይል አስተዳደር፦ ፍትሕ ከቸርነት ይቀድማል



«የሰው ኃይል አስተዳደር» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በነቀምቴ ያሉትን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፥ ባንኮችንና ዩኒቨርሲቲውን ነው። ይሁን እንጂ ዘበኛ የቀጠረ ቁምስና፥ መምህራን ያሉት ትምህርት ቤት፥ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ በቡና ለቀማ ወራት የቀን ሠራተኛ የሚያሰማራ ገበሬ፥ በቤቱ ሠራተኛ ያስገባ ቤተ ሰብ ሁሉ ሰው ያስተዳድራል። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። በዚህ ትምህርት የቃሉን ትርጉም፥ የዕውቀቱን አመጣጥ፥ የአገራችንን ሕግና በተግባር የሚጠበቅብንን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. ትርጉሙ

የሰው ኃይል አስተዳደር ማለት ለሥራው የሚስማማውን ሰው መምረጥ፥ የሥራ ድርሻውን ለይቶ ማስታወቅ፥ ማሠልጠን፥ ተገቢውን ደመወዝ መክፈል፥ ሥራውን መመዘንና ሲሰናበትም በአግባቡ መሸኘት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ሙሴ የሕዝቡን ክርክር ሁሉ ብቻውን ሲዳኝ ዮቶር ተመልክቶ መከረው፤ ታማኞችንና ጉቦ የሚጠሉትን እንዲመርጥ፥ ሥርዓቱን እንዲያስተምራቸው፥ ከባዱን ጉዳይ ብቻ ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን እንዲያካፍላቸው። ምርጫ፥ ሥልጠናና ኃላፊነትን ማካፈል በዚህ አንድ ምክር ውስጥ ይገኛሉ።

2. የዕውቀቱ አመጣጥ

በፋብሪካዎች ዘመን አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ቴይለር በ1911 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሥራን በየክፍሉ ከፋፍሎና በሰዓት ለክቶ ማሠራትን አስተማረ። ምርት የሚጨምርበት መንገድ ቢሆንም ሠራተኛውን እንደ መሣሪያ ያያል ተብሎ ተነቅፏል። ከ1924 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው የሆውቶርን ፋብሪካ የተደረጉትና ኤልተን ሜዮ የተሳተፈባቸው ጥናቶች ግን ትኩረትን ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሱ። ሊቃውንት በውጤቱ አተረጓጎም ዛሬም ቢከራከሩም፥ ሠራተኛ ከባልንጀሮቹ ጋር ያለው ግንኙነትና ከአለቃው የሚያገኘው አክብሮት ለሥራው ትልቅ ዋጋ እንዳለው ብዙዎች የተረዱት ከዚያ ወዲህ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ዳግላስ ማክግሬገር አለቆችን በሁለት ዓይነት አመለካከት ከፈላቸው፤ አንደኛው ሰው ሰነፍ ስለ ሆነ ካልተገደደ አይሠራም ይላል፤ ሁለተኛው ሰው እምነት ቢጣልበት ኃላፊነትን በፈቃዱ ይሸከማል ይላል።

ቤተ ክርስቲያንም ዝም አላለችም። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች ሁኔታ፥ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ሰው ከሥራውም ከገንዘቡም እንደሚበልጥ አስተምረዋል።

3. የአገራችን ልማድና ሕግ

በወለጋ ገጠር ደቦ የታወቀ ነው። ባለ ማሳው አብሮ ይሠራል፥ ያበላል፥ ያጠጣል፤ ነገ ደግሞ በተራው ለጎረቤቱ ይሄዳል። የተቀጠረ ሰው ግን ይህ የመመላለስ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ሕግ ይጠብቀዋል።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ሠራተኛ በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፥ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት አገልግሎት ደግሞ የ16 የሥራ ቀናት ዓመታዊ ፈቃድ ያገኛል። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው ይሰጣል። ሠራተኛው ሲሰናበት ወይም በጠየቀ ጊዜም የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል።

አዋጁ የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም፤ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን የሥራ ግንኙነት በሚመለከትም የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁ ተፈጻሚ እንዳይሆን በደንብ ሊወስን እንደሚችል ይናገራል። ይህን በር መሸሸጊያ ልናደርገው አይገባም። ሕግ ዝቅተኛውን ወሰን ያሳያል፤ የክርስቲያን ኅሊና ከዚያ በታች እንዴት ሊወርድ ይችላል?

4. ከራሴ ስሕተት

ክህነት ከተቀበልሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባገለገልሁበት ቁምስና ከእኔ በፊት የተቀጠረ አንድ የሌሊት ዘበኛ ነበር። ደመወዙን በእጁ እሰጠው ነበር፤ ፊርማ አልነበረም። የዕረፍት ቀኑን አንድም ጊዜ አልጠየቅሁትም። በበዓል ግን ልብስና እህል እሰጠው ስለ ነበር ራሴን እንደ ቸር እቆጥር ነበር። በኋላ ጤናው ደክሞ በከተማ ቀለል ያለ ሥራ ሊፈልግ አስቦ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ጠየቀኝ። መዝገብ ቤቱን ብበረብር የቅጥር ደብዳቤ አልተገኘም፤ የተቀጠረበትን ዓመት እንኳ የሚያውቅ ጠፋ። እርሱም፦ «አባ፥ ያን ሁሉ ሌሊት የነቃሁት እኔ መሆኔን የሚናገር አንዲት ወረቀት የለችም?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። የሰጠሁት ልብስና እህል የነሣሁትን ዕረፍት ከዓይኔ ሰውሮብኝ ነበር።

የደመወዝተኛውን ዋጋ እስከ ማለዳ ማሳደር እንደማይገባ ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥13 ያዝዛል። እኔ ገንዘቡን አላሳደርሁም፤ ዕረፍቱንና ማስረጃውን ግን ለዓመታት አሳድሬአለሁ።

5. በተግባር ምን እናድርግ?

ሀ. ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራ ድርሻውን፥ ሰዓቱንና ደመወዙን የያዘ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለእርሱ፥ ሌላው ለመዝገብ ቤት።

ለ. ደመወዝ በፊርማ ይከፈል፤ የዕረፍት ቀንና ተተኪ ሠራተኛ አስቀድሞ ይወሰን።

ሐ. በነጻ የሚያገለግልና በደመወዝ የተቀጠረ ሰው ይለዩ። በተለይ ካህን አልፎ አልፎ ብቻ በሚደርስባቸው የገጠር ጸሎት ቤቶች ለሚያገለግሉ ካቴኪስቶች የተሰጣቸው ተስፋ ምን እንደ ሆነ በግልጽ ይነገራቸው። የምንጠይቀው አገልግሎት የሙሉ ቀን ሥራ ከሆነ «በጎ ፈቃድ» ብለን አንሸፍነው።

መ. ቅጥር በዝምድና ሳይሆን በችሎታ ይሁን፤ የቁምስናው ምክር ቤት ይመስክር።

ሠ. ጥፋት ቢገኝ ሠራተኛው ሳይሰማ፥ ምክንያቱም ሳይጻፍ አይሰናበት።

ውድ አንባብያን፥ ቸርነት መልካም ነው፤ ነገር ግን ለሰው የሚገባውን ከከፈልን በኋላ የሚመጣ ነው። ዕዳችንን እንደ ስጦታ አድርገን አንስጥ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ያሉት ሠራተኞች ስንት ናቸው? የቅጥር ደብዳቤ ያላቸውስ?
2. በቤታችን የምትሠራው ልጅ የዕረፍት ቀንዋ መቼ ነው?
3. ከደቦ ልማዳችን ለዛሬው የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት ምን እንማራለን?