በጋራ የሥራ ሶፍትዌር ውስጥ አውቶሜሽንን ለማን እንፍቀድ?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የአገራችን መሥሪያ ቤቶች ፋይላቸውን በጋራ ቋት ማስቀመጥ፣ ሥራቸውንም በቡድን መተግበሪያ መነጋገር ለምደዋል። አንዱ ማይክሮሶፍት 365 ይገዛል፣ ሌላው የጉግልን ይይዛል፤ አብዛኛው ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ቴሌግራም ላይ ነው የሚሠራው። እነዚህ ሶፍትዌሮች «ይህ ሲሆን ያንን አድርግ» የሚል ትእዛዝ መቀበል ይችላሉ። አዲስ ፋይል ሲገባ ለኃላፊው ኢሜይል ይሄዳል፤ ቅጽ ሲሞላ መልእክት ይላካል። ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም፣ ሁለት ሦስት ቦታ መጫን ብቻ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ይህ መብት ለሁሉም ሠራተኛ ይከፈት ወይስ ይገደብ የሚለውን ነው። ጉዳዩ የአይሲቲ ልጆች እንጂ የኛ አይመስልም። እኛ ግን የምንጭን ስም መጠበቅ ያለበት ሙያ ነው የምንማረው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 1999 ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ የተሰራጨው በወርድ ማክሮ ነበር፤ ማክሮ ማለት ያው ሥራን በራሱ እንዲሄድ የሚያደርግ ትእዛዝ ነው። ሜሊሳ ከተጠቃሚው የአውትሉክ አድራሻ ደብተር የመጀመሪያዎቹን 50 አድራሻዎች እየወሰደ ራሱን ይልክ ነበር። ሰዎች የከፈቱት ከሚያውቁት ሰው ስለመጣ ነው። ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በመጡ ፋይሎች ላይ ማክሮን ከመነሻው መዝጋት የጀመረው በ2022 ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

ያም ሆኖ ዋናው ችግር ቫይረስ አይመስለኝም። ለተግባር ልምምድ ከሜጋ ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት በነበርኩበት ጊዜ ያየሁትን ላንሣ። ቢሮው በእርዳታ አሰጣጥ ላይ የሚመጡ ቅሬታዎችን በጋራ ሠንጠረዥ ይመዘግባል። አንድ ትጉህ ሠራተኛ በእጅ መገልበጥ ቢሰለቸው፣ አዲስ ረድፍ በተጻፈ ቁጥር ወደ ቡድናቸው እንዲላክ አደረገ። ያኔ ሠንጠረዡ ላይ ቀንና የቅሬታው ዓይነት ብቻ ነበር። ከወራት በኋላ ሌላ ሠራተኛ «ስም» እና «ቀበሌ» የሚሉ ዓምዶች ጨመረ። ትእዛዙ ደግሞ ረድፉን በሙሉ ነው የሚልከው። ቡድኑ ውስጥ እርዳታውን የሚያድሉት ሰዎችም ነበሩበት! አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጥተው «ስሜን ማን ሰጣቸው?» ብለው ሲጠይቁ መልስ የሚሰጥ ሰው ጠፋ። የሰጠ ሰው የለማ።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የአሜሪካው ዩኤስኤይድና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህሉ ለተቸገረው አይደርስም ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ እንዳቋረጡ እናስታውሳለን። ቦረና በተከታታይ ዝናብ አጥቶ ከብቱ ባለቀበት ሰሞን ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅሬታ ያቀረበ ሰው ስሙ ሲወጣ የሚያጣው ነገር ቀጣይ ራሽኑን ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል።

ታዲያ እንዴት ይገደብ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መደበቅንና መከልከልን አንድ ስለሚያደርግ ነው። ለምሳሌ በሼርፖይንት ላይ ኃላፊው የፓወር አውቶሜትን ቁልፍ ከገጹ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ቁልፉ ጠፋ እንጂ በሩ አልተዘጋም፤ ሠራተኛው በቀጥታ ወደ ፓወር አውቶሜት ገጽ ገብቶ ያንኑ ትእዛዝ መሥራት ይችላል። የሚሻለው መረጃው ከየት ወደየት መሄድ እንደሚችል መወሰን ነው። እዚያው ፓወር አውቶሜት ላይ አገልግሎቶችን የሥራ፣ የሥራ ያልሆኑና የታገዱ ብሎ መመደብ ይቻላል፤ የሥራው ከሥራ ካልሆነው ጋር በአንድ ትእዛዝ አይቀላቀልም። በስላክም የሥራ ቦታው ባለቤት ትእዛዝ መፍጠርን ለተመረጡ ሰዎች ብቻ መተው ይችላል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ቦት በመነሻው የሚያየው ለሱ የተላከውን ብቻ ነው፤ የግሩፑ አስተዳዳሪ ከተደረገ ግን ሁሉንም መልእክት ያነባል። ቦቱን «አድሚን እናድርገው» ሲባል እሺ የሚል ብዙ ነው።

ቦረና ይህን ዓይነት ሥርዓት ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል። የዱብሉቅን ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ያየ ሰው ይገባዋል። ጉድጓዱን አስቆፍሮ መብት የያዘው አባ ኮንፊ ነው፤ የዕለት ተዕለቱን ተራ የሚያስከብረው ግን አባ ሄሬጋ ነው። ውኃ ቀጂው ወጣት እየዘፈነ ባልዲውን ከእጅ እጅ ያቀብላል፣ ተራ ግን አይቀይርም። ብዙ ሰው ይጠጣል፣ ብዙ ሰው ይሠራል፣ ተራውን የሚነካው የታወቀ ሰው ነው። ቢሮ ውስጥ ግን ባለቤቱም ተራ አስከባሪውም ቀጂውም አንድ ሰው ሲሆን እናያለን፣ ያውም ማንም ሳይሾመው።

ይህን ስል ሁሉም ይዘጋ ማለቴ አይደለም። ሁሉንም የዘጋ ቢሮ ሠራተኛው ፋይሉን በግል ስልኩ ወስዶ እዚያ ሲሠራው ያገኘዋል፤ ይህ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ነው። ያ ሠራተኛም ቢሆን ጥፋቱ ድካሙን መቀነሱ አልነበረም። የጎደለው ትእዛዙን የሚያይ ሁለተኛ ሰው፣ ዓምድ ሲጨመርም «ይህ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

ለኛም ዲፓርትመንት አንድ ነገር ልጠቁም። የዚህ ቡለቲን የጽሑፍ ማስረከቢያ ማስታወሻ በራሱ እንዲላክ ይደረግ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል፣ እኔም እደግፋለሁ። ሆኖም እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሠራው በፈጠረው ሰው አካውንት ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከሠራው ሲመረቅ አካውንቱ ይዘጋል፣ ማስታወሻውም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ በዲፓርትመንቱ አካውንት ይከፈት፤ አንድ መምህርና አንድ ተማሪ ይያዙት፤ ምን ምን እንደሚልክም በአንድ ገጽ ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ።