አዞ በከተማ መካከል

በበረዶ ወራት በታላቅ ከተማ መካከል አዞ ተገኘ ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን ደርሷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1935 በኒውዮርክ፣ ሐርለም በተባለው ሰፈር፣ ልጆች በረዶ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ሲጠርጉ አሊጌተር የሚባለውን የአዞ ዘመድ እንዳገኙ ጋዜጣ ጽፏል።

አሊጌተር የሙቅ አገር እንስሳ ነው። የገላውን ሙቀት የሚያገኘው ከፀሐይ ነው፤ ሙቀቱ ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ መብላት ይተዋል። ታዲያ ወደ ከተማ ምን አመጣው? ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው፣ ከተማው ራሱ ወደ እንስሳው መሄዱ ነው። በፍሎሪዳ ረግረጉ እየደረቀ ቤት ስለተሠራበት አሊጌተር በየቦዩና በየኩሬው ይታያል። በአደን ተመናምኖ እ.ኤ.አ. በ1967 በሕግ ጥበቃ ሥር ከገባ በኋላ፣ በ1987 ከመጥፋት መዳኑ ተነግሯል። በዚያ ሰው እንዳይመግበው ሕግ ይከለክላል፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ አውሬ ሰውን መፍራት ይተዋልና።

ሁለተኛው የሰው ያለማሰብ ነው። አሊጌተር ሲፈለፈል ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ያምራል። ሲያድግ ግን ወንዱ ከ3 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ይፈራና በስውር ኩሬ ውስጥ ይጥለዋል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በቺካጎ መናፈሻ ኩሬ የታየው አሊጌተር ከሳምንት ፍለጋ በኋላ ተይዞ ወደ ፍሎሪዳ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን የተገኘው ግን ዕድለኛ አልነበረም። ቁመቱ 1.2 ሜትር ያህል ሲሆን ክብደቱ 7 ኪሎ ብቻ ነበር፤ በዚያ ቁመት ከ14 ኪሎ ባላነሰ ነበር። ብርዱ አደንዝዞታል፤ በሆዱም 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የመታጠቢያ ገንዳ መክደኛ ተገኘ። ሐኪሞች ቢረዱትም በሚያዝያ ሞተ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ «አዞ ከተማ ገባ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚፈራው ለራሱ ነው። በብሩክሊን የተጎዳው ግን ማን ነበር? ያ እንስሳ በእግሩ ከሙቁ አገር አልመጣም፤ ያመጣው ሰው ነው፤ የጣለውም ሰው ነው። ስለዚህ ማናችንም ነፍስ ያለውን ፍጥረት ወደ ቤታችን ከማስገባታችን በፊት «ዛሬ ያምራል» ብቻ ሳይሆን «ሲያድግስ እችለዋለሁን?» ብለን እንጠይቅ።